ከበረኛው ጀርባ ያለችው ወንበር

እኔ የበረዶ ላይ ሆኪ ተመልካች ነኝ ስል የሰማ ሁሉ ይስቃል። የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ «በለጡ፣ በዚህ ዕድሜሽ ከበረዶ ጋር ምን አገናኘሽ?» ይሉኛል። ልጄ ሂሩት ደግሞ «እማዬ፣ ጉልበቴን እያልሽ ብርድ ላይ ምን ያስቀምጥሻል?» ትላለች። እውነታቸውን ነው። የምነግራችሁ ነገር ግን እዚያው ብርድ ላይ የተፈጸመ ነው፤ ስለዚህ ከሳቁ ልጀምርላችሁ። ሳቁ ብዙ አይቆይም።

ቤት መቀመጥ አልወድም። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው። እንግሊዝኛውማ ይቅር። የአውቶቡስ መንገድ ግን አይጠፋኝም። ሂሩት ፕሌዘንተን ከተማ ወዳለው ቢሮዋ፣ ልጆቿ ወደ ትምህርት ቤታቸው ሲሄዱ፣ እኔም ጋቢዬን ጠቅልዬ እወጣለሁ። ኤመሪቪል ያለውን ነፃ አውቶቡስ ተሳፍሬ ዙሩን ጨርሼ የተነሳሁበት ላይ እወርዳለሁ። ሹፌሮቹ ያውቁኛል። «ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» ብትሉኝ፣ ሰው አያለሁ፣ ሰውም ያየኛል፣ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ኦክላንድ መሃል ስዞር ሽንቴ መጣና አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ዘው አልኩ። ውስጡ ሜዳ ሙሉ በረዶ ነው። ቆሜ ስገረም አንዲት መወልወያ የያዘች ሴት «እማማ፣ ሐበሻ ነዎት?» አለችኝ። ጽጌን የተዋወቅኋት እንዲህ ነው። መጀመሪያ መጸዳጃ ቤቱን አሳየችኝ፤ ቀጥላ ከፔርሙዟ ሻይ ቀዳችልኝ፤ ከዚያ ልጇን በጣቷ አመለከተችኝ። ፊቱን በብረት የሸፈነ፣ እግሩ ላይ ፍራሽ ያሰረ የሚመስል ረጅም ልጅ፣ ጎሉ መሃል ቆሟል።

«የሚይዝልኝ ሰው ስላልነበረ ሕፃን ሆኖ ሥራ ይዤው እመጣ ነበር» አለችኝ። «እኔ ስወለውል እሱ ሲንሸራተት አደገ። አሁን ለሳንሆዜ ኮሌጅ በረኛ ነው፤ አዳሩም እዚያው ነው። እኔ አልጋ ላይ እንኳን ተኝቶ ሲዞር ይወድቅብኛል ብዬ የምፈራው ልጅ እኮ ነው።»

ኪሩቤል ይባላል፤ ኪሩ እንለዋለን። አባቱ ቀደም ብሎ ነው የሞተው። እናትና ልጅ ብቻ ናቸው።

ከዚያ ወዲያ የእነሱ ቲፎዞ ሆንኩ። ሦስተኛችን ጋሽ ሀብቶም ነበሩ። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ኦክላንድ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ከጽጌ ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ይኖራሉ። ቡድኑ በሜዳው በተጫወተ ቁጥር በእርሳቸው መኪና ሳንሆዜ እንወርዳለን። የጨዋታው ሕግ ለማናችንም አልገባንም። ጋሽ ሀብቶም የሚሯሯጡላትን ጥቁር ነገር «ኩበቷ» ነው የሚሏት። «ኪሩ፣ ኩበቷን ያዛት!» ብለው ሲጮሁ ፈረንጆቹ የጸሎት ቃል ይመስላቸው ነበር መሰለኝ፣ ዞር ብለው በአክብሮት ያዩናል።

አንድ ደንብ ግን በደንብ እናውቅ ነበር። ጨዋታው ለሦስት ተከፍሎ ነው የሚካሄድ፣ እነሱ ፒሪየድ ይሉታል። ፒሪየድ ባለቀ ቁጥር ቡድኖቹ ጎል ይለዋወጣሉ። ጽጌ የምትቀመጠው ሁልጊዜ ከልጇ ጎል ጀርባ፣ በረዶውን ከተመልካቹ የሚለየው መስታወት ሥር ነው። እሱ ጎል ሲቀይር እኛም ጋቢያችንን፣ ቆሏችንን፣ ፔርሙዛችንን ሰብስበን ወደ ሌላው ጫፍ እንሻገራለን። ደግሞ ሲቀይር ደግሞ እንመለሳለን። ሌሎቹ ወላጆች «ዘላኖቹ መጡ» የሚሉን ይመስለኛል።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ኪሩ በዱላው የጎሉን ግራና ቀኝ ብረት መታ መታ ያደርጋል። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር ዱላውን ወደ ኋላ ሰዶ መስታወቱን ሁለቴ ያንኳኳል። ጽጌም በቀለበቷ ሁለቴ ትመልስለታለች። ቋ፣ ቋ። ሕፃን ሆኖ እናቱ ሥራ ላይ ሳለች ያለችበትን የሚያረጋግጠው እንዲህ ነበር። እሷ ካልመለሰች አይጫወትም።

አንድ ዓመት ሲዝኑ፣ የውድድሩ ወራት ማለት ነው፣ ሊጀመር ሲል ጽጌ አንድ ቀን ከሰዓት ጠርታ ደሟ ውስጥ በሽታ እንደተገኘ ነገረችኝ። የምናውቀው እኔ፣ ጋሽ ሀብቶምና ታናሽ እህቷ ሰብለ ብቻ ነበርን።

«ለኪሩ አይነገረውም» አለች። «ሲዝኑ ይለቅ። ከዚያ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።»

አልተከራከርኳትም። እኛ እንዲህ ነን። የታመመው ራሱ በሽታውን ይደብቃል፣ ያልታመመው ያግዘዋል። ጽጌ መርፌዋን ስትወጋ ሰንብታ ቅዳሜ ሲሆን ከንፈሯን ቀብታ፣ ፀጉሯ ሲሳሳ ሻሿን አሳምራ ትመጣለች። ልጁ «ማሚ ከሳሽ» ሲላት «ጾም ነው» ትለዋለች። ጾሙ ሲያልቅ «ሥራ በዛብኝ» አለችው። ቡድኑ ክረምቱን እያሸነፈ ገሰገሰ፤ እሷ ደግሞ እያነሰች ሄደች። ጋሽ ሀብቶም መጨረሻ ላይ አቅፈው ነበር ወንበር የሚያስቀይሯት። ፈረንጆቹ ዘመድ መሰሏቸው።

የሲዝኑ የመጨረሻ ጨዋታ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ካሸነፉ ሌላ ስቴት ሄደው ለዋንጫ ይጫወታሉ፤ ከተሸነፉ አለቀ። በዚያው ቀን ማለዳ ጽጌን ትኩሳት ጣላትና ኦክላንድ ሆስፒታል አስገቧት። ደርሼ ሳያት አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አለ፣ ዓይኗ ግን ንቁ ነው።

«እማማ፣ እርስዎ ይሂዱ» አለችኝ። «ወንበሬ ባዶ እንዳይሆን። ሲያንኳኳ ይመልሱለት። ሥራ ገብታለች ይበሉት።»

«እኔ ከአንቺ ጋር ልሁን ጽጌዬ።»

«አደራ ነው የምልዎት።»

አደራ ካለች ምን እላለሁ? ሰብለ አጠገቧ ቀረች፤ እኔና ጋሽ ሀብቶም ወረድን።

ልጁ ብረቱን መታ መታ አደረገና መስታወቱን ሁለቴ አንኳኳ። ጣቶቼ ስለሚያብጡ ቀለበት ካወለቅኩ ቆይቻለሁ፤ በጣቴ መገጣጠሚያ ሁለቴ መለስኩለት። ድምፁ ድፍን ያለ ነው። ኪሩ ዞረ። ከብረቱ ውስጥ ዓይኖቹ የጽጌን ወንበር ሲፈልጉ አየሁ። እጄን እንደሚወለውል ሰው አወዛወዝኩለት፤ ሥራ ናት ማለቴ ነው። ትንሽ አየኝና ዞረ። ፊሽካው ተነፋ።

የመጀመሪያው ፒሪየድ ሊያልቅ ሲል ሰብለ ደወለች። ጩኸት ስለነበር ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ሄድኩ።

«እማማ፣ ዶክተሩ ቤተሰብ ይጠራ አለ» አለችኝ። ድምፅዋ የሷ አይመስልም። «ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቷል። የደም ግፊቷ አልያዝ ብሏል።»

«ትናገራለች?»

«ትተኛለች፣ ትነቃለች። ስትነቃ ‹ኪሩ የት አለ› ትላለች። ግን እማማ፣ ጨዋታው ሳያልቅ እንዳትነግሩት። ራሷ ናት አደራ ያለችው። ጋሽ ሀብቶምን ልንገራቸው፣ ያቅርቡልኝ።»

ስልኩን ለጋሽ ሀብቶም ሰጠኋቸው። «እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ» ሲሉ ቆዩና ዘጉ። ከዚያ ፔርሙዙንና ጋቢውን ይሰበስቡ ጀመር፤ ፒሪየዱ አልቆ ነበር። ወደ ሌላው ጫፍ እየተሻገርን ነው የተጨቃጨቅነው።

«ጨዋታው ይለቅ» አሉ። «ከዚያ ይዘነው እንወጣለን፣ አንድ ነገር እናቀምሰዋለን። እኔ ቄሱንና ሁለት ሽማግሌ ጠርቼ ነገ ማለዳ ቤት እናስቀምጠዋለን። በወጉ ይነገረዋል።»

«ጋሽ ሀብቶም፣ ይሄ እኮ የመርዶ ወግ ነው። ሴትየዋ ገና ትተነፍሳለች።»

«ዶክተሩ ያለውን ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ። ለሚተነፍስ ሰው መርዶ አይነገርም።»

«እናቱ አደራ ብላለች፣ እትዬ በለጡ። የእናት ቃል ሊሽሩ ነው?»

ተቀመጥን። ኪሩ አዲሱ ጎል ጋ መጥቶ ሁለቴ አንኳኳ፤ እኔም መለስኩ። በዚህ ጊዜ አልዞረም። የሠራውን ሥራ ብታዩ። ኩበቷ እንደ ጥይት ስትመጣበት በደረቱ ያስቀራታል፣ ተንበርክኮ ያስቀራታል፣ ተዘርግቶ ያስቀራታል። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ስሙን ይጠራል። ጋሽ ሀብቶም አንገታቸውን ደፍተው ያለቅሳሉ። እኔ ግን ጨዋታው ከዓይኔ ጠፋና እናቴ መጣችብኝ።

እናቴ ደብረ ብርሃን ነበረች። እኔ ከካርቱም ኦክላንድ በገባሁ ሰሞን ዓይኗን ያማት ነበር፤ ከዚህ ጠብታ እየገዛሁ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር እልክላት ነበር። ሰዎቹ ይቀበሉኛል፣ ጉንጬን ይስሙኛል፣ «እናደርሳለን» ይሉኛል። ስደውል «ተኝታለች»፣ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ይሉኛል። አንድ ቅዳሜ ማለዳ በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት ጥቁር የለበሱ ሰዎች ሞልተዋል። እናቴ ከሞተች ከርማለች። እዚህ ያለው ያገሬ ሰው ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ጠብታውን ሲቀበሉኝ ያውቁ ነበር። የሟች ዓይን መድኃኒት ነበር የምልክ። እንዳልደነግጥ ብለው ነው፣ በደግነት ነው፤ አንዳቸውንም አልተቀየምኩም። ነገር ግን እስከ ዛሬ የእናቴ ሞት የኔ አይመስለኝም። ሌሎች አልቅሰው ጨርሰው የተረፈውን የሰጡኝ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ፒሪየድ አለቀ። አንድ ለአንድ ናቸው። ጋሽ ሀብቶም ወደ ሌላው ጫፍ ለመሻገር ተነሱ። እኔም ተነሳሁ፤ ግን በሌላ በኩል ወረድኩ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ልጁ ጋ።»

«እትዬ በለጡ፣ ነግሬዎታለሁ፣ ኋላ ዕዳው የእርስዎ ነው።»

«እናቱ ስትነቃ የምትጠራው የማንን ስም ነው?» አልኳቸው። «አደራውን የሰጠችኝ ጠዋት ነው። ስሙን የምትጠራው አሁን ነው። እኔ የአሁኑን ነው የምሰማ።»

ተጫዋቾቹ የሚገቡበት ጎማ የተነጠፈበት መተላለፊያ አለ። አንድ የቡድኑ ኮት የለበሰ ሰው «ማዳም» ብሎ እጁን ዘረጋ። እንግሊዝኛዬ ጥሎኝ ጠፋ። «ጎሊ» አልኩት፣ «ማዘር፣ ሆስፒታል።» ፊቴን አየና ወደ ውስጥ ሮጠ።

ኪሩ የብረት ቆቡን ወደ ላይ ገፍቶ መጣ። ከራሱ ላይ እንፋሎት ይነሳል።

«እማማ? ዋት ሃፕንድ? ማሚ የት ናት?»

«ኪሩዬ፣ እናትህ ሆስፒታል ናት። በጣም ታማለች። ስምህን ትጠራለች።»

«ሥራ ናት አልሽኝ።»

«ውሸቴን ነበር።»

ከጀርባው በሩ ውስጥ ጓደኞቹ ይስቃሉ፣ ይጯጯሃሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሲዝኑ ሳይጀመር።»

«ኢዝ ሺ ዳይንግ?»

ልትሞት ነው ወይ ማለቱ ነው፤ ይህችን ቃል አውቃታለሁ። እኛ እንዲህ ስንጠየቅ መልሳችን «እግዚአብሔር ያውቃል» ነው። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«አዎ ልጄ» አልኩት።

አላለቀሰም። እዚያው ጎማው ላይ ተቀመጠና የጫማውን ማሰሪያ ለመፍታት ጎንበስ አለ። አልፈታ አለው። ተንበርክኬ ልፈታለት ሞከርኩ፤ ቋጠሮው በላብ ርሶ እንደ ሽቦ ጠጥሯል፣ የኔም ጣት አልታዘዝ አለ። አንድ ጓደኛው መቀስ ይዞ መጥቶ ቆረጠው። የእግሩን ፍራሽ ገፈፉለት። ጓደኛው የራሱን ሸበጥ ሰጠው። ወፍራም ሱሪውንና ማልያውን እንደለበሰ ስንወጣ ሜዳው ላይ ጥሩንባው ተነፋ፤ ተቀያሪው በረኛ ገባ። ሰዉ ሲያጉረመርም ይሰማኝ ነበር።

ጋሽ ሀብቶም በሩ ላይ ቁልፋቸውን ይዘው ቆመው አገኘናቸው። እኔን አላዩኝም። ልጁን ግን ትከሻውን ይዘው «ና አባ» አሉት።

ሀይዌዩ ቅዳሜ ከሰዓት ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጋሽ ሀብቶም እንደ ወጣትነታቸው በግራ በኩል እየበረሩ መንገዱ ላይ ያለችውን ኒውአርክን አለፉ። ኪሩ ከፊት ተቀምጦ ለሰብለ ደወለ፣ ስፒከር ላይ አደረገው።

«አክስቴ፣ ማሚ ጆሮ ጋ አድርጊው።»

ሰብለ ደነገጠች። «ማን ነገረህ?»

«ጀስት ዱ ኢት። ፕሊስ።»

የማሽኑ ድምፅ መጣ፤ ቲን፣ ቲን ይላል።

«ማሚ፣ ኪሩ ነኝ። አይም ኮሚንግ። መንገድ ላይ ነኝ። ጌሙን ተዪው፣ ጥሩ ነበርኩ፣ እማማ ትነግርሻለች። ማሚ? አይ ላቭ ዩ። አትተኚ እሺ?»

እጁን አንስቶ የመኪናውን መስኮት በጣቱ ሁለቴ አንኳኳ። ቲን፣ ቲን።

«ኪሩዬ!» አለች ሰብለ እያለቀሰች። «ሰምታሃለች። ጣቷን አንቀሳቀሰች፣ በቀለበቷ የአልጋውን ብረት ነካች!»

እኛ የሰማነው ማሽኑን ብቻ ነው። ልጁ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ።

«እውነት ነው?»

«አላየሁም ልጄ» አልኩት።

ሄይዋርድ ጋ ስንደርስ መንገዱ ቆመ። ትንሽ ሄድ፣ ቆም፣ ሄድ። ያኔ የጋሽ ሀብቶም ስልክ ጮኸ። የልጁ አይደለም፣ የኔም አይደለም፤ የእርሳቸው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ወሬ የሚላከው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። «እሺ» አሉ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ማለት ሲገባቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ዘጉት።

«ዋት ዲድ ሺ ሴይ?» አለ ኪሩ።

«ደህና ናት። ተኝታለች።»

ወዲያው መንገዱ ተከፈተልን። መኪኖቹ ሁሉ ወደፊት ፈተለኩ። ጋሽ ሀብቶም ግን አልተከተሏቸውም። ምልክት አሳይተው ወደ ቀኝ ገቡ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ፤ ከከባድ መኪናዎቹ ኋላ ሆነው ቀስ ብለው ይነዱ ጀመር። ቅድም እንዲያ ሲበሩ የነበሩት ሰውዬ። የሚቸኩሉበት ነገር አልነበረማ።

ልጁ አልገባውም። እዚህ ነው ያደገው። ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፣ «ኦኬ» አለ፣ «ኦኬ፣ ተኝታለች፣ ጉድ።» ያን እፎይታውን እስክሞት አልረሳውም። ጋሽ ሀብቶም በመስታወት አዩኝ፤ ራሳቸውን አወዛወዙ። አይንገሩት ማለታቸው ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያውን መንገሬን ድፍረት ብላችሁታል። እሱ ምንም አልነበረም። የሚሮጥበት ነገር ነበረዋ። አሁን ግን ሰው እፎይ ካለበት ነው የማወርደው። ኦክላንድ እስክንደርስ ይህችን ሰላም ልተውለት? ከዚያስ? ሆስፒታሉ በር ላይ የተሰለፉ ሽማግሌዎች ይቀበሉትና እኔ ያየሁትን ይይ? ደግሞ በልቡ ያንን መንገድ ሁሉ እየቆጠረ፣ «ተኝታለች ሲሉኝ ያውቁ ነበር» እያለ ይኑር?

«ሀብቶም» አልኳቸው። አንቱታው ከአፌ ወደቀ። «መኪናውን አውጣና አቁም።»

«በለጡ፣ ስለ እመቤቴ ብለሽ።»

«አቁም።»

መውጫው ላይ ወጥተው አንድ ጎማ መጠገኛ ቤት አጠገብ አቆሙ። ኪሩ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል። በሩን ከፍቼ ወርጄ በእሱ በኩል ዞርኩና እጁን ያዝኩት። እጁ ገና የጓንቱ ላብ አለበት።

«ኪሩዬ፣ እናትህ አርፋለች። አሁን ሰብለ የደወለችው ይሄንኑ ልትነግር ነው።»

አልገባውም መሰለኝ። «አርፋለች» የሚለውን ቃል እንደ እረፍት ይሰማው ይሆናል ብዬ ደነገጥኩ።

«ሞተች ልጄ» አልኩት። «እናትህ ሞተች።»

ከዚያ የሆነውን ሁሉ መጻፍ አልችልም። ከመኪናው ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ተቀመጠ። ያን የመሰለ ግዙፍ ልብስ ለብሶ፣ በሰው ሸበጥ። የወጣው ድምፅ ልቅሶ አይመስልም። ጎማ የሚሠራው ሰውዬ ውሃ ይዞ መጣና ምን እንደሚያደርግ ስላጣ መሬት ላይ አስቀምጦት ተመለሰ። ጋቢዬን ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለት፤ አሽቀንጥሮ ጣለው። አንስቼ ደግሜ ደረብኩለት፤ ደግሞ ጣለው። ሦስተኛውን ተወው። ጋሽ ሀብቶም መሪውን ታቅፈው መኪናው ውስጥ ይነፋረቃሉ።

እናቱን ያያት በነጭ አንሶላ ነው። ቀለበቷ ጣቷ ላይ ነበር።

ለቅሶው ላይ ሰው በኔ ላይ ያንሾካሹክ ጀመር። ቡድኑ በመጨረሻው ፒሪየድ ገብቶበት ተሸንፏል፤ ዋንጫውም ቀረ። «ያቺ ምስኪን ደክማ ያሳደገችው ለዚያች ቀን ነበር፣ አንዲት አሮጊት አበላሸችው፤ ጨዋታውንም አሳጣችው፣ ሬሳዋ ጋ እንጂ እሷ ጋም አላደረሰችው» ይባል ነበር። ሰብለ ቡና እንኳ አላቀበለችኝም። ጋሽ ሀብቶም ከእኔ ርቀው ነበር የሚቀመጡት። ሁሉም ልክ ናቸው። ሒሳቡን ብትሠሩት ያተረፍኩት ነገር የለም።

አርባዋ የወጣ ቀን ኪሩ ከተዝካሩ አዳራሽ ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘኝ። አማርኛውን እየፈለገ ነው የሚያወራው።

«እማማ፣ ጌሙንም አላሸነፍንም። ማሚንም አልደረስኩም።»

«አዎ ልጄ። አልደረስክም።»

«ሁሉም ሰው ሰምታሃለች ይለኛል። አንቺስ? ሰማችኝ?»

«አላውቅም።»

ፈገግ ያለ መሰለኝ፤ ፈገግታ ግን አልነበረም። «አንቺ ብቻ ነሽ አላውቅም የምትዪ» አለኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ «በዚያ ሰዓት ግን፣ በስልክ ሳወራት፣ በሕይወት ነበረች? ዛት ፓርት ኢዝ ሪል? እሱስ እውነት ነው?»

«ነበረች። እሱን አውቃለሁ። ስትተነፍስ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ጊዜ ነቀነቀ። ከዚያ ገባ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ ልጆቻችሁን በዚህ አገር የምታሳድጉ፣ ወጋችንን ልሰብክባችሁ አይደለም። መርዶ በሽማግሌ መነገሩ ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው፤ ደግ ነው። እኔም ብዙ ቤት ጥቁር ለብሼ ማለዳ አንኳኩቻለሁ። ነገር ግን እኛ እያወቅን ሌላው ሳያውቅ የሚያልፈው ያ ጊዜ የማን ነው? የእኛ አይደለም። የሟችና የልጇ ነው። ከዚያ ጊዜ ላይ ለኪሩ ያተረፍኩለት አንዲት የስልክ ወሬ ናት፤ እሷም መሰማቷ አልተረጋገጠም። ጨዋታው እስኪያልቅ ጠብቄ ቢሆን ግን ያቺ ወሬም አትኖርም ነበር። ለልጄ ለሂሩት ነግሬያታለሁ። የኔ ቀን ሲመጣ የልጅ ልጆቼ ፈተና ላይ ቢሆኑም፣ ሠርጋቸው ቢሆንም፣ በሚገባቸው ቋንቋ ወዲያው ይነገራቸው። ሂሩት ተቆጣችኝ፤ «እማዬ፣ ምን ታሟርቺያለሽ» አለች። እኔ ግን በየወሩ ደግሜ እነግራታለሁ።

ሌላው ሲዝን ሲጀመር ጋሽ ሀብቶም ሳልጠይቃቸው ደጄ ላይ የመኪናቸውን ጥሩንባ ነፉ። ገባሁ። እዚያ ጎማ ቤት ጋ ስንደርስ አማተቡ።

ከጎሉ ጀርባ፣ ከጽጌ ወንበር አጠገብ ተቀመጥን። ወንበሯ ላይ ጋቢዬን አስቀመጥኩ። ኪሩ መጣ። ግራና ቀኙን ብረት መታ መታ አደረገ። ዱላውን ወደ ኋላ አልላከውም። ትንሽ ጠበቅኩና እኔው ቀለበት በሌላት ጣቴ መስታወቱን ሁለቴ አንኳኳሁ። አልዞረም። ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ፣ እሱንም አላውቅም።

ፒሪየዱ አለቀ፤ ጎል ቀየረ። ጋቢዬን አንስቼ ተሻገርኩ።